አራት ቧንቧ፣ አንድ ሮቶ

የምንኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ነው። የሰፈራችንን ስምና የቤታችንን ውሃ አስተያይቶ የማይስቅ ዘመድ የለንም። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ግቢያችን ውስጥ አራት ሜትር ከፍታ ባለው የብረት ማማ ላይ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አቁመናል። ከሮቶው አራት መስመር ይወጣል፤ አንዱ ለወጥ ቤት፣ አንዱ ለመታጠቢያ ቤት፣ ሁለቱ ለተከራዮች ሰርቪስ ቤት። ደሴ ሜዳ የላትምና ሰርቪሶቹ ከዋናው ቤት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብለው ዳገቱ ላይ ተቀምጠዋል።

ችግሩ የሚብሰው ንጋት ላይ ነበር። የመጨረሻዋ ክፍል ተከራይ ለፈጅር ውዱእ ልታደርግ ቧንቧ ስትከፍት እናቴም ወጥ ቤት ገብታ ትከፍታለች። እዚህ ይንፎለፎላል፣ እዚያ ጠብ ጠብ ይላል። ይቅርታ ስጠይቃት «አብሽር፣ ማታ በጀሪካን እቀዳለሁ» ትለኛለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

መጀመሪያ ፓምፕ ገዛሁ። ገንዘቤን ያቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። የወጥ ቤቱ ውሃ ከሳህን ላይ እየፈናጠረ ልብስ እስኪያበሰብስ በረታ፤ ሩቋ ክፍል የደረሳት ጭማሪ ግን ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

እንግሊዝ አገር ላለው ታናሽ ወንድሜ በስልክ ሳማርር «ወንድም ጋሼ፣ የእኔ ቤት ማሞቂያም እንዲሁ ነበር» አለኝ። እዚያ ከአንድ ቦይለር የሚወጣ ሙቅ ውሃ በየክፍሉ ባለ ራዲያተር ውስጥ ይዞራል። ለቦይለሩ የቀረበው ራዲያተር ሲፋጅ የመኝታ ቤቱ በረዶ ነበር። ቦይለሩን አልቀየረም። የሩቁን ራዲያተር ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ከፍቶ የቅርቦቹን ጠበብ አደረገ፤ ከዚያ በየራዲያተሩ መግቢያና መውጫ ቱቦ ላይ ቴርሞሜትር እያሰረ ልዩነቱ ወደ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪጠጋ አስተካከለ። ቆቦ በመስኖ ያደገችው እናቴ ከጎኔ ሆና ስትሰማ «ይኼማ መስኖ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ሥራ ነው፤ ከቦዩ አፍ ያለውን ማሳ ካልገደቡት የታችኛው አፈር ይልሳል» አለች።

በማግስቱ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ይዤ ተነሣሁ። አራቱንም ቧንቧ በአንድ ጊዜ አስከፍቼ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ፤ አንድ በአንድ እየከፈቱ መለካት ምንም አይናገርም፣ ብቻውን ሲከፈት ሁሉም ጎበዝ ነው። ወጥ ቤት በ40 ሰከንድ፣ መታጠቢያ ቤት በ45፣ የመጀመሪያው ሰርቪስ በ1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሞላ። የመጨረሻው 4 ደቂቃ ፈጀ። አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ገደማ ነው፤ ከማማው አራት ሜትር ላይ የቧንቧው ከፍታ ሲቀነስ ወጥ ቤት 0.3 ባር ሲኖረው ዳገቱ ላይ ያለችው የመጨረሻዋ ክፍል የነበራት ግማሹ ነው።

በየመስመሩ መነሻ ላይ የነበሩት በሩብ ዙር የሚዘጉ ቫልቮች ነበሩ። በእነሱ ማስተካከል አይቻልም፤ ጣት ያህል ስትገፋቸው ወይ ይለቃሉ ወይ ያንቃሉ። ብዙ ዙር የሚሽከረከሩ አስገጠምኩ። የወጥ ቤቱን ጨርሼ ዘግቼ አንድ ዙር ከሩብ ብቻ ከፈትኩ። አንዱን ስነካ የሌላው ስለሚለወጥ ባልዲዬን ተሸክሜ ግቢውን አምስት ጊዜ ዞርኩ። በአራተኛው ዙር የመጨረሻዋ ክፍል ቧንቧ አፍ ላይ ያለችውን ወንፊት ፈትቼ ባየው ግማሿ አሸዋ ነው! ይህን ማየት የነበረብኝ ቫልቮቹን ከመንካቴ በፊት ነበር። ጸድታ ስትመለስ ልኬቱን ሁሉ እንደ አዲስ ጀመርኩ።

በመጨረሻ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት 70 ሰከንድ፣ ሰርቪሶቹ 75 እና 90 ሰከንድ ላይ ቆሙ። እነዚህን እኩል ለማድረግ ሌላ ቀን ማባከን አልፈለግሁም። እያንዳንዱ ቫልቭ ስንት ዙር እንደተከፈተ በቀለም ግድግዳው ላይ ጻፍኩ፤ ልጆች እንዳይነኩት እጀታዎቹን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። ፓምፑን በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት።

የመውሊድ ዋዜማ ዕለት የወጥ ቤቱ ውሃ እንደ ድሮው ሲንፎለፎል ሰማሁ። መሳቢያውን ስከፍት አንድ እጀታ የለም። ያገኘሁት ከእናቴ ረከቦት ሥር ነው።