አባቴን ቸርችል ዳውንስ የት ላስቀምጣቸው?

አባቴ የእንጅባራ ሰው ናቸው። ፈረስ ካለበት ቤት ተወልደው፣ ፈረስ ካለበት ቤት ነው ያረጁት። በየዓመቱ ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ሲወጡ፣ ጉልበታቸው እምቢ እስኪል ድረስ እሳቸውም ፈረሳቸውን ሸልመው ይወጡ ነበር። «ቪዛው ተገኘ» ብዬ ስደውልላቸው ስለ ብርዱም ስለ ምግቡም አልጠየቁኝም። «አንተ ያለህበት አገር ፈረስ አለ?» ነው ያሉኝ።

ያለሁት አሜሪካ፣ ኬንታኪ፣ ሉዊቪል ከተማ ነው። ቸርችል ዳውንስ የሚባለው የፈረስ መወዳደሪያ ከቤቴ በመኪና ሩብ ሰዓት አይሞላም። ኬንታኪ ደርቢ እ.ኤ.አ. ከ1875 ጀምሮ በየዓመቱ የሚሮጠው እዚያ ነው። ሩጫው የሦስት ዓመት ፈረሶች ብቻ ነው፤ ቀኑም የግንቦት (ሜይ) የመጀመሪያው ቅዳሜ። ከተማው በዚያ ሳምንት ሌላ ወሬ የለውም። እኔ ግን ለዓመታት በአጥሩ ሥር እያለፍኩ ሥራ ስሄድ ገብቼ አላውቅም ነበር። «አለ አባዬ፣ መጥተው ያያሉ» አልኳቸው። ቃል ከወጣ ወጣ።

ዕድል ሆኖ በ2024 አልመጡም። የዚያ ዓመት ደርቢ 150ኛው ስለነበር ትልቅ ድግስ ነበር፤ ቀኑ ግን ቀዳም ሥዑር ላይ ዋለ። በዋዜማው ዓርብ የሚሮጠው የእንስት ፈረሶቹ ውድድር፣ ኦክስ የሚሉት፣ ደግሞ ስቅለት ላይ። አባቴ በስቅለት ከስግደት ቀርተው ፈረስ ሊያዩ? የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ሐሳቤን ለ2025 አደረግሁት።

ትኬት ልገዛ የመቀመጫውን ካርታ ስከፍት ግራ ገባኝ። ባለ ጣሪያ አለ፣ ጣሪያ የሌለው አለ። አንደኛ ፎቅ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ምግብ የሚቀርብበት ክፍል። ከሁሉ የሚረክሰው መሙ የከበበው መሐል ሜዳ ነው፤ በምድር ውስጥ መተላለፊያ ይገባል። እዚያ የሄዱ ጓደኞቼን ጠየቅሁ። ጭፈራው ደስ ይላል፣ ፈረስ ግን አይታይም አሉኝ። አንዱማ ቀኑን ሙሉ ቆሞ አንድም ፈረስ ሳያይ ነው የተመለሰው። ለወጣት ይሁን፤ ለጉልበት ሕመምተኛ አባት አይሆንም።

ከካርታው ጋር መጨቃጨቁን ተውኩና በኅዳር አካባቢ፣ ተራ የውድድር ቀን ላይ ብቻዬን ሄድኩ። ካደረግሁት ሁሉ ትክክለኛው ይሄ ነበር። በተራ ቀን መግቢያው ለኪስ አይከብድም፣ ሰው የለም፣ ብዙ ቦታ እየተዘዋወሩ መቀመጥ ይቻላል። መጀመሪያ ታች፣ አጥሩ አጠገብ ካሉት ረድፎች ተቀመጥኩ። ፈረሶቹ ሲያልፉ የኮቴው ድምፅ ደረቴ ውስጥ ገባ። «በቃ፣ ቦታው እዚህ ነው» አልኩ።

ቦታ የሚያሳዩ አንዲት ሽበታም ሴትዮ በአጠገቤ ሲያልፉ ለአባቴ ወንበር እየመረጥኩ እንደሆነ ነገርኳቸው። ፈገግ አሉ። ፊት ለፊቴ ያለውን ባዶ መተላለፊያ አሳዩኝ። በደርቢ ቀን እዚያ ሰው ይመላለሳል፣ ይቆማል፣ ሴቶቹም እንደ ጃንጥላ የሰፋ ባርኔጣ ያደርጋሉ። ታች ረድፍ የተቀመጠ ሰው የሚያየው የሰው ጀርባ ነው አሉኝ። ቀጥሎ ሲሚንቶውን አሳዩኝ። ጠዋት ካፊያ ነበር። እርጥቡና ደረቁ ወለል በመስመር ተለይቷል። ጣሪያው ከላይ ሲያዩት ብዙ ረድፍ የሚሸፍን ይመስላል፤ ወለሉ ግን እውነቱን ያሳያል። ንፋስ ሲቀላቀልበት መስመሩ ወደ ውስጥ ይገባል አሉ። ከደረቁ መስመር ሦስት ረድፍ ወደ ኋላ ቆጠርኩና ቁጥሩን ስልኬ ላይ ጻፍኩ።

እግረ መንገዴን ሌላም ነገር ገባኝ። ሰው ሁሉ የሚሻማው መጨረሻው መስመር ፊት ለፊት ላለው ወንበር ነው፤ ዋጋውም እዚያ ጣሪያ ይነካል። የቸርችል ዳውንስ መም ዙሪያው አንድ ማይል፣ ማለትም 1,609 ሜትር ነው። ደርቢ ደግሞ አንድ ማይል ከሩብ፣ ወደ 2,000 ሜትር ነው። እስቲ አስሉት። ፈረሶቹ ከአንድ ዙር በላይ ስለሚሮጡ የሚነሱት ከሕዝቡ ፊት፣ ከቀጥተኛው መንገድ ራስ ላይ ነው። በተመልካቹ ፊት ሁለት ጊዜ ያልፋሉ ማለት ነው። ከመጨረሻው መስመር ወደ ግራ ራቅ ያለ ወንበር ይረክሳል፤ ግን መነሻው በር ሲከፈት በዓይን ይታያል። በማዶ በኩል የሚሆነውንማ የትም ብትቀመጡ የምታዩት በትልቁ ስክሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተተከለ ነው፤ ወርዱ 52 ሜትር አካባቢ፣ ቁመቱ 27 ሜትር። አባቴ መነጽር ቢረሱም ያዩታል።

አንድ ቦታ ወደድኩና ስቀመጥ ምሰሶ ከፊቴ ተገተረ። ሕንፃው አሮጌ ነው፤ ሁለቱ ሹል ማማዎች የተሠሩት በ1895 ነው። ምሰሶ በካርታ ላይ አይታይም። ሁለት ወንበር ፈቀቅ ስል መነሻው ወለል ብሎ ታየኝ። ሁለት ወንበር ብቻ!

በብርዱ ወራት ትኬቱን ገዛሁ። ሁለቱ ተደምረው ከወር የቤት ኪራዬ በለጡ። ጫፍ ላይ፣ መተላለፊያው ዳር ያሉትን ነው የያዝኩት፤ ሌላውን ሰው ሳያስነሱ ሽንት ቤት እንዲሄዱ።

ቀኑ ሜይ 3፣ 2025 ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ! ጃንጥላ ይዞ መግባት ክልክል ነው። አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከላይ የላስቲክ ካፖርት ደረቡ። ቆሎውን በሚያሳይ ላስቲክ ቋጠርኩ፤ በሌላ ቦርሳ አያስገቡም። መኪናችንን የሰፈሩ ሰዎች እንደሚያደርጉት አንድ ሰው ግቢ ሣር ላይ በገንዘብ አቆምን፤ ከዚያ በእግር። ከውጭው በር እስከ ወንበሩ ያለውን መንገድ ግን ሳልለካው ቀርቻለሁ። በኅዳር እኔ በራሴ እግር ነበር የሄድኩት። የአባቴ እግር ሌላ ነው። ሦስት ጊዜ አረፍን።

ወንበሩ ላይ ስንደርስ ግን ሴትዮዋን በልቤ መረቅኋቸው። ከፊታችን ያሉት ረድፎች ውኃ ያረፈባቸው፣ ሰዎቹ ተኮራምተው። የኛ ረድፍ ደረቅ። አባቴ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩና «ሰው አለው ቤቱ» አሉ። ወንበሩ ደረቅ እንጨት ስለሆነ ጋቢያቸውን አጥፌ ከሥር አነጠፍኩላቸው።

ያጠፋሁት ሰዓቱ ላይ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ አስገባኋቸው። ደርቢው የሚሮጠው ከምሽቱ 1 ሰዓት ሊሆን ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። በመሐል ሌሎች ሩጫዎች አሉ፤ ግን በሁለቱ መሐል ያለው ጊዜ ረጅም ነው። ዘጠኝ ሰዓት ለአንድ ሽማግሌ ብዙ ነው። ዛሬ ቢሆን ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት አካባቢ ነበር የምወስዳቸው። ወንበራችን ባለ ቁጥር ነው፤ ማን ሊወስድብን?

ወደ ከሰዓቱ «ፈረሶቹ ኮርቻ የሚጫኑት የት ነው?» አሉኝ። ፓዶክ ይሉታል፣ ከሕንፃው ጀርባ ነው፤ ለ150ኛው ደርቢ ሰፋ አድርገው እንደገና ሠርተውታል። ወረድን። የሰው ግድግዳ ጠበቀን። እኔ በእግር ጣቴ ቆሜ ጥቂት አየሁ። አባቴ ያዩት ባርኔጣ፣ ከባርኔጣው በላይ ደግሞ የሁለት ጆሮ ጫፍ ነው። «እንመለስ» አሉ። ደረጃውን ስንወጣ አንድም ቃል አልተናገሩም። ያን ያህል ስለ ጣሪያና ስለ ምሰሶ ስጨነቅ፣ ምን ማየት እንደሚፈልጉ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም ነበር።

ሰዓቱ ደረሰ። 19 ፈረሶች ወደ መነሻው ሄዱ። ሰው ሁሉ ተነሳ፤ አባቴም ትከሻዬን ይዘው ቆሙ። ከወንበራችን በሩ ይታያል። ሲከፈት የ19 ፈረስ ድምፅ አንድ ላይ መጣ። መሙ ጭቃ ሆኗል፤ ከኋላ ያሉት ገና ከመነሻው ፊታቸው ተለሰነ። የአባቴ ጣቶች ትከሻዬን ጭምቅ አደረጉት። «አየህ አነሳሱን! አየኸው?» መጨረሻው መስመር ፊት ብንቀመጥ ኖሮ ይህቺን አናገኛትም ነበር።

ሁለተኛ ሲመጡ ጋላቢዎቹ ሁሉ አንድ ቀለም ሆነዋል፣ ጭቃ። ከኋላ ሲጎተት የነበረው በስተውጭ በኩል ወጥቶ አለፋቸው። ሶቭሪንቲ ነው፤ ጆርናሊዝም ሁለተኛ ሆነ። አባቴ ስማቸውን ጠየቁኝ። «ሉዓላዊነት ጋዜጠኝነትን ቀደመው» አልኳቸው። ዝም ብለው አሰቡበትና «ደህና ስም ነው» አሉ። እኛ አገር ጌታው በፈረሱ ይጠራል፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ እንደተባሉት። አባቴ ለስም ዋጋ ይሰጣሉ።

ማታ ቤት ገብተን ሻይ እየጠጡ «ሩጫው ደግ ነው» አሉኝ። «ፈረሱን ግን አላየሁትም።»

ከደርቢ በኋላ ውድድሩ እስከ ሰኔ ይቀጥላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ቀን፣ እንደገና ወሰድኳቸው። በዚህኛው ወንበር አልመረጥኩም። ቀጥታ ፓዶክ ሄድን። ሰው በጣት ይቆጠራል። አባቴ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። አንድ ቦራ ዳማ በአሳዳሪው እየተጎተተ ከፊታችን አለፈ፤ አንገቱ ላይ ያለው ደም ሥር ሳይቀር ይታያል። ከአፍንጫው የሚወጣው ትንፋሽ ይሰማል። አባቴ ከፊት እግሩ ጀምረው ወደ ላይ አዩት፤ ከዚያ ወደ ታች። ኮርቻ ሲጭኑበት ቆዳው እንዴት እንደተንዘረዘረ በእጃቸው አሳዩኝ። «ይሄ ወደፊት ይላል» አሉ። አልተወራረድንም፤ አሯሯጡን ልናይ ወደ መሙ አጥር ሄድን። ሦስተኛ ወጣ። ቅር አላላቸውም፤ ፈረሱ ተመልሶ ሲያልፍ በዓይናቸው ሸኙት።

ወንበር ሞልቷል፣ ሁሉም ባዶ ነው። «አባዬ፣ ጉልበትዎ እንዳያምዎ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ» አልኳቸው።

«ቆይ እስቲ» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ፓዶኩ መልሰው። «የሚቀጥሉት እየገቡ ነው።»