«ቆሟል» ያልነው ቺፕ ሲሮጥ ተያዘ

«ኧረ ይሄ ነገር ሞቷል!» አለ ባልደረባዬ፣ ኤስቲኤም32ኤፍ103 የሚባለው ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ ያለበትን ቦርድ እያገላበጠ። የዲባገሩ፣ ማለትም ቺፑን ከኮምፒውተር ሆነን የምናይበትና የምናቆምበት ፕሮግራም፣ ስክሪን ላይ አረንጓዴ ምልክት በርቷል፣ ከጎኑ «ተገናኝቷል» ይላል። ሚሞሪ ሲጠይቁት ትክክለኛውን ይናገራል፤ ሬጅስተር (በቺፑ ውስጥ ያሉ ትንንሽ የቁጥር ማስቀመጫዎች) ሲጠይቁት ግን ከአር0 እስከ አር15 ዜሮ በዜሮ። ሰውዬው ተዝካር ለማውጣት ምንም አልቀረው።

የሞተ የለም፤ ቺፑ እየሮጠ ነበር። የቺፑ ፕሮሰሰር ኮርቴክስ-ኤም3 ሥራ ላይ እያለም ዲባገሩን ሚሞሪ ያስነብበዋል። የኮር (የፕሮሰሰሩ እምብርት) ሬጅስተሮቹን ግን ካልቆመ አይሰጥም። የኛ ዲባገር ሶፍትዌር «ተገናኝቷል» የምትል አንዲት ምልክት ብቻ ስለያዘ፣ ባዶ እጁን ሲመለስ ቦታውን በዜሮ ሞላው። ዜሮ እኮ መልስ ነው! መስኩን ግራጫ አድርጎ «አሁን አይነበብም» ቢል ማን ይቆጣዋል?

«በል እሺ፣ አቁመው» አለኝ። ቆመ። እፎይ ሳንል አንደኛው መስኮት «ቆሟል»፣ ሌላኛው «እየሮጠ ነው» ይል ጀመር፤ ኤልኢዲውም ብልጭ ድርግም ማለቱን ቀጠለ። ባልደረባዬ አማተበ።

የመጀመሪያዋ ጉድ ዋችዶጉ ነው፤ ፕሮግራሙ በየጊዜው ካልነካው ቺፑን ሪሴት የሚያደርግ፣ ማለትም እንደገና የሚያስነሳ፣ ሰዓት ቆጣሪ። አይደብሊውዲጂ የሚባለው ይህ ዋችዶግ ወደ 40 ኪሎ ኸርዝ በሚጠጋ የራሱ ኦሲሌተር (ምት ሰጪ) ይቆጥራል፣ ፕሮሰሰሩ ቆመ አልቆመ ጉዳዩ አይደለም። ቢበዛ 26 ሰከንድ ገደማ ይታገሣል፤ በኛ ፈርምዌር (ቺፑ ላይ በተጫነው ፕሮግራም) ግን የተሰጠው 2 ሰከንድ ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ ቺፑን ሪሴት ያደርጋል፣ በሪሴት ጊዜ ደግሞ ሲ-ሃልት የሚባለው፣ ኮሩን «ቁም» የሚለው ቢት ሁልጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ቺፑ ተነሥቶ ሮጠ፤ «ቆሟል» የሚለው መስኮት ማንም አልነገረውም። መድኃኒቱ ዲቢጂኤምሲዩ ሲአር የሚባለው ሬጅስተር ላይ ቢት 8ን 1 ማድረግ ነው፤ ኮሩ ሲቆም ዋችዶጉም አብሮ ይቆማል። ከሪሴት በኋላ የመጀመሪያው መስመር ላይ እንዲቆም ከተፈለገ ዲኢኤምሲአር የሚባለው ሌላ ሬጅስተር ላይ ቢት 0 ይብራ።

ሁለተኛዋ የባሰች ናት። ዲኤችሲኤስአር የሚባለው ሬጅስተር ላይ ቢት 17 ኮሩ መቆሙን፣ ቢት 18 መተኛቱን፣ ቢት 19 በስህተት ላይ ስህተት ተደራርቦበት መቆለፉን፣ ቢት 25 ደግሞ ካለፈው ንባብ ወዲህ ሪሴት መከሰቱን ይናገራሉ። ቢት 25 ሲነበብ ይጠፋል! ወሬውን የሚሰማው ቀድሞ የጠየቀ ብቻ ነው። የሚሞሪ መስኮቱም፣ ኮዱን ደረጃ በደረጃ የሚያስኬደው የስቴፕ መስኮቱም በየራሳቸው ክር (ጎን ለጎን በሚሠራ የፕሮግራም ክፍል) ያነቡት ስለነበር አንዱ ወሬውን ወስዶ ዝም አለ፣ ሌላው በአሮጌው ቀረ። ያንን ሬጅስተር የሚያነብ አንድ ክር ብቻ ይሁን፤ አንዴ አንብቦ ቢቶቹን ለሁሉም ያድል። ቢት 25 በርቶ ሲያገኘው መጀመሪያ የተቀመጡትን የሬጅስተር ዋጋዎች ይጣል፣ ከዚያ ቢት 17ን ይመልከት። ራም ውስጥ የተተከለ ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ ሲደርስበት እንዲቆም የሚተከል ምልክት) ካለ እንደገና ይትከል፤ የማስነሻው ኮድ ዳታ ሲገለብጥ ደፍቶበት ሊሆን ይችላል።

ቺፑ ዲባገሩን በእውነት «አላውቅህም» የሚለው ግን ሌላ ጊዜ ነው። ፈርምዌሩ ፒኤ13 እና ፒኤ14 የሚባሉትን ፒኖች ለሌላ ሥራ ከወሰዳቸው፣ ዲባገሩ የሚገባበት ኤስደብሊውዲ የሚባለው በር ተዘጋ ማለት ነው። ያኔ ቺፑ ሪሴት ላይ እንዳለ መገናኘት ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩን ከቺፑ ጋር የሚያገናኘው የኤስቲ-ሊንክ መሣሪያ ርካሽ ቅጂዎች ላይ «አርኤስቲ» የሚል ፒን ታገኛላችሁ፤ ገመድ ሰክታችሁ ደስ እንዳይላችሁ፣ ብዙዎቹ ላይ የሚሠራው ኤስቲኤም8 ለሚባሉት ሌሎች ቺፖች ብቻ ነው። በአንድ እጅ የቦርዱን ሪሴት ተጭኖ መያዝ፣ በሌላው «ተገናኝ» የሚለውን መጫን፣ ወዲያው ሪሴቱን መልቀቅ። ገመዱን የሚደግፍ ሦስተኛ እጅ ከጎረቤት ጠረጴዛ ይለመናል።