ውጅግራዬን በብርጭቆ ወረቀት የፋቅኩ ቀን

ልጅ ሆኜ አያቴ «ውጅግራ» ሲሉ ቃሉ ከፉከራ የተወለደ ይመስለኝ ነበር። ፈረንሳይኛ መሆኑን ያወቅኩት ቨርጂኒያ ከገባሁ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። «ፉዚ ግራ» ማለት የግራ ጠመንጃ ነው፤ ግራ ደግሞ ጠመንጃውን የነደፈው የፈረንሳይ መኮንን ስም። ሰናድር ከስናይደር፣ ለበን ከሌቤል፣ ውጅግራ ከፉዚ ግራ። አባቶቻችን ለመጣው ጠመንጃ ሁሉ አማርኛ አስተምረውታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ውስጥ ለሰብሳቢ መሸጥ ሲጀምሩ አላስቻለኝም። አንድ ውጅግራ፣ ሞዴል 1874፣ አዘዝኩ። ከ1899 በፊት የተሠራ እንዲህ ያለ ጠመንጃ በፌዴራሉ ሕግ «አንቲክ» ስለሚባል የሻጭ ፈቃድ ምናምን አይጠይቅም። ካርቶኑን በሬ ላይ ጥለውልኝ ሄዱ።

ስከፍተው ጉድ ነው። እንጨቱ በጥቁር ቅባት ተጨማልቋል። ሰደፉ ላይ ጥሬ ቆዳ ተሰፍቶበት፣ ደርቆ እንደ ቀንድ ሆኗል። ከቆዳው ጫፍ ወጣ ብሎ የቢላ ጭረት ይታያል። ባለቤቴ አፍንጫዋን ይዛ «ይሄን ነው ሳሎን የምትሰቅለው?» አለችኝ። እኔም ቅዳሜን ሙሉ ጋራዥ ቁጭ ብዬ ቆዳውን በመቀስ ቀደድኩ፣ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩ፣ ዘይት ቀባሁ። እንደ አዲስ ቁም ሳጥን አበራ። ኮርቼ ፎቶውን ለአንድ ጠመንጃ ሰብሳቢ ጓደኛዬ ላክሁለት። መልሱ አንድ ቃል ነበር፦ «ወይኔ!»

ማታ ደውሎ አስረዳኝ። ፈረንሳዮች ሰደፉ ቀኝ ጎን ላይ ክብ ማኅተም ይመታሉ። እንጨቱ መቼና የት እንደተሠራ የሚናገረው እሱ ነው። የኔው ላይ የቀረው የክቡ ሩብ ብቻ ነው፤ እሱም መብራት አጋድመው ካላበሩበት አይታይም። «ሳትፍቀው ቢሆን ኖሮ እጥፍ እሰጥህ ነበር» አለኝ። ሊገዛኝ እንዳልነበር አውቃለሁ፤ ግን አመመኝ።

ከዚያ ወዲህ ነው ብረት ማንበብ የተማርኩት። መሣሪያዬ ተራ ነው፤ የጥርስ ብሩሽ፣ ጥቂት ዘይት፣ ባትሪና የተማሪ ጠመኔ። ጽሑፉ ላይ ጠመኔ አሽተው በጨርቅ ሲጠርጉት ነጩ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል፣ ፊደሉም ቁልጭ ይላል። ውጅግራዬ ጎን ላይ እንደ ሠርግ መጥሪያ በተጠማዘዘ የእጅ ጽሑፍ የፈረንሳዩ ሴንት ኤቲየን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ስም ወጣ። ቀጥሎ «1866-74»። ይህች ሰረዝ ቀላል አይደለችም። ጠመንጃው መጀመሪያ በወረቀት ጥይት የሚሠራ ሻስፖ ነበር፤ በኋላ ለብረት ቀለህ ተቀይሯል ማለት ነው። ሲገዛ «1874» ተብሎ ነበር። ሻጩ አልዋሸኝም፣ ግማሹን ብቻ ነው ያነበበው። በርሜሉና አካሉ አንድ ቁጥር ይዘዋል፣ ቦልቱ፣ ማለትም ጥይት የሚያጎርሰው ተንሸራታች ብረት፣ ግን የሌላ ጠመንጃ ነው። ቁጥሩ ሁሉ የሚገጥም ጠመንጃ ዋጋው ሌላ ነው።

ሁለተኛው ጠመንጃዬ ካርካኖ የሚባለው የጣልያን ወታደር ጠመንጃ ነው። ለዚህ የሰብሳቢ ፈቃድ አወጣሁ፤ ለ3 ዓመት 30 ዶላር ነው፣ 50 ዓመት ያለፋቸውን ለመግዛት ይጠቅማል። በርሜሉ ላይ የጣልያኗ ከተማ ብሬሺያ፣ 1936፣ ከጎኑ ደግሞ በሮማ ቁጥር 14 ተመትቷል። ይህን 14 ሞዴል ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ተንከራተትኩ። ለካ የሙሶሊኒ ዘመን አቆጣጠር ነው! ፋሺስቶቹ በጥቅምት 1922 ወደ ሮም የዘመቱበትን ቀን መነሻ አድርገው ዓመት ይቆጥሩ ነበር። የራሱ ዘመን አቆጣጠር ያለው አገር ልጅ ሆኜ ይህ ሳይገባኝ መቅረቱ አሳፈረኝ። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው በዚሁ በ14ኛው ዓመታቸው ነው፤ በኛ ሚያዝያ 1928።

እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ ካርካኖ ላይ «ቦልቱ ቁጥር የለውምና ኦሪጅናል አይደለም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። ቦልቱ ላይ ቁጥር አይመቱም ነበር። የሚመሳከረው በርሜሉና እንጨቱ ነው።

የተዋረድኩት ግን በሦስተኛው ነው። ኤም 1 ካርባይን፣ አጭሩ የአሜሪካ ወታደር ጠመንጃ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ6 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ የሠሩትም የጠመንጃ ፋብሪካዎች ብቻ አይደሉም። የታይፕራይተር ፋብሪካው አንደርዉድ አለበት፣ አይ ቢ ኤም አለበት፣ ሳንቲም ሲጎርስ ዘፈን የሚያጫውተውን ጁክቦክስ የሚሠራው ሮክ-ኦላም አለበት። ሮክ-ኦላ የሠራው 228,500 ገደማ ስለሆነ ሰብሳቢ ይሻማበታል። የኔው በርሜል አፈሙዙ አጠገብ ምን ይላል? ሮክ-ኦላ! ለሦስት ቀን ሀብታም ሆኜ ሰነበትኩ።

ጓደኛዬ መጥቶ ሲያየው ሳቀ። የጠመንጃው ስም የሚጻፈው አካሉ ላይ፣ ከኋለኛው ማነጣጠሪያ ጋር ተጠግቶ ነው። ችግሩ፣ በኋላ የተተካው ተስተካካይ ማነጣጠሪያ ስሙ ላይ ቁጭ ይልበታል። የሚታየው ከኋላው ያለው ተከታታይ ቁጥር ብቻ ነው። ባትሪውን በጎን ይዞ፣ ዘይት የነከረውን የጥርስ እንጨት ከሥሩ እያስገባ ቆሻሻውን ጎረጎረው። መጀመሪያ የአንድ ፊደል እግር ታየ፣ ከዚያ ሌላ። ኢንላንድ። ብቻውን ከ2.6 ሚሊዮን በላይ የሠራው፣ ከሁሉ የበዛው። ለፋብሪካዎቹ የተከታታይ ቁጥር ድርሻ ተመድቦላቸው ስለነበር ከቁጥሩም ጋር አስተያየነው፤ ያው ኢንላንድ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ካርባይኖቹ ተፈታትተው፣ ከየሳጥኑ እጅ የገባው ዕቃ እየተገጠመ ታድሰዋል። በርሜሌ ከሮክ-ኦላ መጥቶ ኢንላንድ ቤት የገባ ሙሽራ ነው።

ዋጋ ሳወጣ አሁን የማየው በጨረታ የተሸጠበትን ነው፤ የተጠየቀበትንማ ማንም ይጽፋል። ሌላው የአስመጪው ማኅተም ነው። በሕግ ግዴታ ስለሆነ አስመጪው ስሙንና ከተማውን ይመታበታል፤ ሰብሳቢ ይህን አይወድም፣ ዋጋም ይቀንሳል። የተሠራበትንም አገር ይጽፋል። ካርካኖው ላይ «ኢጣሊያ» ይላል፣ ካርባይኑ ላይ አሜሪካ። ኢትዮጵያ የሚል የትም የለም። ስለዚህ ደረሰኙን በፕላስቲክ አድርጌ አስቀምጣለሁ። ከወረቀቱ ሌላ አገራችንን የሚመሰክረው ቆዳው፣ ሚስማሩና በቢላ የተጫረው ነገር ነው።

ይህ ከገባኝ በኋላ ነው የውጅግራው የሽያጭ ፎቶ ትዝ ያለኝ። ኢሜይሌ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁትና አሰፋሁት። ጭረት ያልኩት መስቀል ነው። ከመስቀሉ ሥር፣ ቅባት ሞልቶት፣ «ገ» እና «ብ» አለ። ሦስተኛው ፊደል ቆዳው ሥር ይገባል። ገብረ ማን? ቆዳውን ቀድጄ፣ ከሥሩ ያለውን ሳላነብ የፋቅኩት እኔ ነኝ።