ባርኔጣዬና የጣርማበር ንፋስ

የመጀመሪያውን የሱፍ ባርኔጣዬን የገዛሁት ለአጎቴ ልጅ ሠርግ ነው። ደብረ ብርሃን አንድ ሱቅ ገባሁ። ግራጫ ነው። ደፋሁት፣ መስታወት አየሁ፣ አማረብኝ፣ ከፈልኩ። ምርጫዬ ይኸው ነበር።

ሠርጉ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ነው። መንገድ ላይ ጣርማበር ተራራ ከመኪና ወረድ እንዳልን ንፋሱ ባርኔጣዬን ከራሴ ላይ አንስቶ ወደ ጉሙ አንከባለለው። አንድ እረኛ ልጅ ሮጦ በዱላው ያዘልኝ። ከዚያ ደግሞ ዝናብ። ማታ ምድጃ ዳር አሰጣሁት። ጠዋት ሳነሳው እንደ ከረመ ቂጣ ደርቋል፣ ክፈፉ ተንሻፏል። ራሴ ላይ ሳደርገው አልገባ ብሎ ጀበና ላይ እንደተደፋ ስኒ ቁጭ አለ። ማታ ሰፍቶኝ የበረረ ባርኔጣ ጠዋት ጠበበኝ። ሠርጉን ባዶ ራሴን ዋልኩ።

የሚያናድደው፣ የመንዝ ልጅ ሆኜ ይህ እኔ ላይ መድረሱ ነው። የበግ ሱፍ ውሃና ሙቀት ሲያገኘው እንደሚኮማተር ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ አጥባ የምታውቅ እናት ሁሉ ትነግርሃለች። ባርኔጣው ደግሞ አልተፈተለም፣ አልተሸመነም። ሱፉ በፍል ውሃ፣ በእንፋሎትና በጫና እርስ በርሱ ተጠላልፎ ነው አንድ አካል የሆነው። ጥሩ የሚባለው ባርኔጣ ግን ከበግ ሱፍ ሳይሆን ከጥንቸል ፀጉር ነው የሚሠራው። ፀጉሩ ቀጭን ስለሆነ ጠበቅ ብሎ ይጠላለፋል። ስሱና ቀላል ይሆናል፣ ዝናብም ቶሎ አያበላሸውም። ሽማግሌዎቻችን ስሙን እየጠሩ የሚያሞግሱት ቦርሳሊኖ፣ ከ1857 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጣሊያን አሌሳንድሪያ የተሠራው፣ ከዚሁ ፀጉር ነው። ዋጋው ከበግ ሱፉ በብዙ ይበልጣል። እኔም ለሁለተኛው ወራት ቆጥቤያለሁ።

አሁን ሱቅ ስገባ መስታወቱን መጨረሻ ነው የማየው። መጀመሪያ ባርኔጣውን እገለብጠዋለሁ። ግንባር የሚነካው የውስጥ ቆዳ እውነተኛ ቆዳ ነው? ተሰፍቷል ወይስ በማስቲሽ ተለጥፏል? ቀጥሎ ክፈፉን ጎንበስ አድርጌ እለቀዋለሁ። ወደ ቦታው መመለስ አለበት። እንደ ካርቶን ከደረቀ ማጠንከሪያ በዝቶበታል ማለት ነው።

ልኩን ያስተማሩኝ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ናቸው። ሜትራቸውን ተቀብዬ ራሴን ለካሁ፣ 57 ሳንቲሜትር። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ሜትሩን ለምን ታንቀዋለህ? ባርኔጣው እንዲህ አንቆህ ልትውል ነው?» ራሳቸው ለኩኝ። ከጆሮ አንድ ጣት ከፍ ብሎ፣ ግንባሬን መሐል ለመሐል አቋርጦ፣ ከኋላ ጉብ ባለው ላይ ዞሮ 58 ተኩል ወጣ። 58 ተኩል የሚባል ባርኔጣ ስላላገኘሁ 59 ገዛሁ። አንዳንዱ ላይ በአሜሪካ ልክ 7 ከ 3/8 ተብሎ ይጻፋል፣ ያው ነው። የሰፋውን ማጥበብ ይቻላል፣ የጠበበውን መለጠጥ ግን ጭንቅ ነው። (እዚሁ አንጎለላ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት ምኒልክ ያን ሰፊ ጥቁር ባርኔጣ ይደፉ የነበረው ከነጭ ሻሽ በላይ ነው። አንተም ለውርጩ ብለህ ከሥር ኮፍያ የምታደርግ ከሆነ ከነኮፍያህ ተለካ።)

59ኙ ግን ግንባሬን እየነካ ጆሮዬ አካባቢ ክፍት ሆነ። ችግሩ ቁጥሩ አልነበረም። የኔ ራስ ሞላላ ነው፣ ባርኔጣው ክብ። ንፋስ የሚገባው ደግሞ በዚያ ክፍተት ነው። ጋዜጣ በቁመቱ አጥፌ ከውስጥ ቆዳው ጀርባ ግራና ቀኝ ከጆሮ በላይ ሸጎጥኩ። ሱቁ ውስጥ እጅ እንደሚነሳ ሰው ጎንበስ አልኩ፣ ራሴን ነቀነቅኩ። አልወደቀም። ሳወልቀው ግንባሬ ላይ ቀይ መስመር አልተወም።

እኛ ሰፈር ባርኔጣ ከመደፋቱ መውለቁ ይበዛል። ለሽማግሌ ታወልቃለህ፣ ለቄስ ታወልቃለህ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ታወልቃለህ። ሁሉም ከፊት በኩል አናቱን በሁለት ጣት ቆንጥጦ ነው የሚያነሳው። የሚሰነጠቀውም እዚያው ላይ ነው። ሁለት እጅ አስገብቼ ክፈፉን ይዤ ማውለቅ ለመልመድ አንድ ወር ፈጀብኝ። ሳስቀምጠው በአናቱ እገለብጠዋለሁ። ከረጠበ አራግፌ፣ የውስጥ ቆዳውን ወደ ውጭ አውጥቼ በቆዳው አቆመዋለሁ፣ ከእሳት ራቅ አድርጌ።

ባለፈው ጥር በዚያው መንገድ ሄድኩ። ጣርማበር ላይ ሆን ብዬ ወረድኩ። ንፋሱ ክፈፉን አንቀጠቀጠው እንጂ አላነሳውም።

መሐል ሜዳ አጎቴ ባርኔጣዬን አገላብጠው አዩ፣ ደፉት፣ ወደዱት። ሲመልሱልኝ አናቱን ቆንጥጠው አነሱት። «ጋሼ፣ ክፈፉን ይያዙት» አልኳቸው።

«ሠርጉን ባዶ ራስህን የዋልከው አንተ አይደለህም እንዴ?» አሉኝ።