ጠዋት 1 ሰዓት የሚከፈተው ላቦራቶሪ ካርታው ላይ ዝግ ነበር

ፒያሳ ይሠራ የነበረ አንድ የሕክምና ላቦራቶሪ አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ወደ መገናኛ ተዛወረ። ማሽኖቹ ያው ናቸው፤ ባለሙያዎቹም አልተቀየሩም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ሁለት ነገሮች አብረው ታዩ። በማለዳ ባዶ ሆዳቸውን ለስኳርና ለኮሌስትሮል ምርመራ ይሰለፉ የነበሩት ሰዎች ቀነሱ። በአንጻሩ ከምሽቱ 3 እና 4 ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮሃል። ጥበቃው አንስቶ «ተዘግቷል» ሲል ደዋዩ «ጎግል ላይ ክፍት ነው ይላል እኮ» እያለ ይከራከረዋል።

ባለቤቱ ነገሩን በቦታ ለውጡ አመካኝተው የፌስቡክ ማስታወቂያ ዋጋ ማጠያየቅ ጀምረው ነበር። ገንዘቡ ሳይወጣ የደረሰችው የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ናት። ጥበቃው ስለ ማታው ስልክ ሲያማርር ሰምታ፣ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ታካሚ ፊቷ ቆሞ ሳለ የድርጅቱን ስም በስልኳ ፈለገች። የጎግል ካርታ «አሁን ዝግ ነው» አላት።

ምክንያቱ የሰዓት አቆጣጠር ነው። መረጃውን የሞላው ሠራተኛ በሩ ላይ ያለውን «ከ1:00 እስከ 12:00» የሚል ጽሑፍ እያየ 1:00 ፒኤም እና 12:00 ኤኤም ብሎ አስገብቷል። ጎግል የሚያውቀው ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረውን አቆጣጠር ብቻ ነው። በዚያ አቆጣጠር 1:00 ፒኤም ለእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ 12:00 ኤኤም ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ላቦራቶሪው ሥራ በሚበዛበት ጠዋት ሁሉ ዝግ፣ ሰው በሌለበት ምሽት ደግሞ ክፍት እየተባለ ከረመ። ለስኳር ምርመራ ቢያንስ 8 ሰዓት ሳይበላ ያደረ ሰው «ዝግ ነው» የሚል ካየ ደውሎ አያጣራም፤ ቀጥሎ ወደሚያየው ላቦራቶሪ ይሄዳል።

ጉዳቱ ደንበኛን ከማሳሳትም ያልፋል። ሰው የድርጅቱን ስም ሳይጠራ «የደም ምርመራ» ብሎ ብቻ ሲፈልግ፣ በዚያ ሰዓት ክፍት መሆን በፍለጋው ውጤት ላይ ያለውን ደረጃ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ እንደሆነና ክብደቱም እንደጨመረ ጎግል እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ አረጋግጧል። ጠዋት ዝግ የተባለ ላቦራቶሪ ጠዋት ከዝርዝሩ ግርጌ መውደቁ አይገርምም።

ስህተቱን ማስቀረት ቀላል ነው። ፕሮፋይሉን፣ ማለትም ድርጅቱ ጎግል ላይ የሚታይበትን ገጽ፣ ሲሞሉ ኤኤምና ፒኤምን ትተው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ያስቡ። ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 12 ባለው ጊዜ በእኛ ሰዓት ላይ 6 ይደምሩ፤ ጠዋት 1 ሰዓት 07:00፣ ማታ 12 ሰዓት 18:00 ይሆናል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ላይ 18 ይደምሩ፤ ማታ 3 ሰዓት 21:00 ነው። ሞልተው ሲጨርሱ ደግሞ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ከአካውንቱ በወጣ ሌላ ስልክ ድርጅቱን ፈልገው ይመልከቱ።

ሰዓቱ ቢስተካከልም ነገሩ አላለቀም። ስሙ ሲፈለግ ካርታው ላይ የሚመጡት የቦታ ምልክቶች (ፒኖች) ሦስት ነበሩ። አንደኛው የፒያሳው ነው። የዓመታት ሪቪው (የደንበኞች አስተያየት) የተከማቸው እዚያ ላይ ሲሆን፣ የተከፈተው ግን ሥራ በለቀቀ ሰው የግል ጂሜይል ነው። ሁለተኛውን አዲሱ ሠራተኛ መገናኛ ሲገቡ ከዜሮ ከፍቶታል፤ አንድም ሪቪው የለውም። ሦስተኛውን አንድ ደንበኛ በራሱ ጨምሮታል፤ ስሙ በሌላ አጻጻፍ ነው፣ ስልክም የለውም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሌላ ነበር። ግራ መጋባቱን ለመቀነስ ያሰበ አንድ ሠራተኛ የፒያሳውን «በቋሚነት ተዘግቷል» ብሎ ጠቁሞ ጎግል ተቀብሎታል። ስሙን የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ያንን በቀይ የተጻፈ ቃል ስለነበር ድርጅቱ የጠፋ የመሰላቸው ነባር ደንበኞች ነበሩ።

ቦታ የለወጠ ድርጅት አሮጌውን ፕሮፋይል መዝጋት የለበትም። ሪቪውውም የተጠራቀመው ታሪክም ያለው እዚያ ነው፤ የሚለወጠው አድራሻው ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉም መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ የአሮጌው ባለቤትነት ይመለስ። የለቀቀውን ሰው ደውሎ በጨዋ ቃል መጠየቅ ከሁሉም ይፈጥናል፤ በዚህኛው ጉዳይም የሆነው ይኸው ነው። ሰውየው ባይገኝ ከፕሮፋይሉ ላይ የባለቤትነት ጥያቄ ይላካል፤ የያዘው ሰው ለመመለስ 3 ቀን አለው። ባለቤትነቱ ሲገኝ አድራሻው ወደ መገናኛ ይዛወራል፣ «ተዘግቷል» የሚለውም ይነሳል። የቀሩት ሁለቱ «የሌላ ቦታ ድጋሚ ነው» ተብለው የሚጠቆሙት ከዚህ በኋላ ነው። ተገላቢጦሽ ከተሠራና አዲሱ ቀርቶ አሮጌው ከተሰረዘ የደንበኞች ምስክርነት አብሮ ሊጠፋ ይችላል። አዲስ የተጨመረ ባለቤት ለመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት አንዳንድ ነገሮችን፣ ለምሳሌ ሌላ ባለቤትን ማስወጣትን፣ ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ቸኩሎ የለቀቀውን ሰው በመጀመሪያው ቀን ማባረር አይቻልም፤ ይጠበቅ።

አድራሻ ሲለወጥ ጎግል ብዙ ጊዜ ማረጋገጫ ይጠይቃል። በሌላ አገር ኮድ ያለው ፖስትካርድ ቤት ድረስ ይመጣ ነበር። ደብዳቤ በፖስታ ሣጥን ቁጥር በሚደርስበት አገር ግን ያ መንገድ አይመችም፤ የፖስታ ሣጥንም እንደ ድርጅት አድራሻ ተቀባይነት የለውም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ሳይቆራረጥ በአንድ ትንፋሽ ይቀረጻል፣ ከ30 ሰከንድ አያንስም፤ ማሳየት ያለበትም ሦስት ነገር ነው፦ ቦታውን፣ ሥራውን፣ የቀረጸው ሰው የቤቱ ሰው መሆኑን።

የላቦራቶሪው የመጀመሪያ ቪዲዮ ውድቅ ሆነ። የተቀረጸው ከሊፍቱ በር ጀምሮ ስለነበር ከመንገዱ ምንም አያሳይም፤ ታፔላው ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ውስጥ ነው። ሁለተኛው ሲቀረጽ መጀመሪያ ሕንፃው መግቢያ ላይ ትንሽ ታፔላ ተሰቀለ። ካሜራው አስፋልቱንና ጎረቤት ያለውን ባንክ አሳየ፣ ታፔላውን አሳየ፣ ደረጃውን ወጣ፣ በሩ በቁልፍ ተከፈተ፣ የደም መመርመሪያ ማሽኑ ታየ፣ ግድግዳው ላይ ባለው የንግድ ፈቃድ ተጠናቀቀ። የታካሚ ፊት፣ ስም የተጻፈበት የናሙና ቱቦም ሆነ የውጤት ወረቀት ካሜራ ውስጥ እንዳይገባ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማለዳ ላይ ነው የተቀረጸው። ይህን ማንኛውም የጤና ተቋም ሊያስብበት ይገባል። ታፔላው ደግሞ ለቪዲዮው ብቻ አልጠቀመም፤ ሕንፃው ሥር ቆመው ይደውሉ የነበሩትም መንገዱን አገኙ።

ፒኑ የሕንፃው ጣሪያ መሃል ላይ ነበር፤ ሰው የሚገባበት በር ወዳለበት ጎን ተጎተተ። የአድራሻው መስመር ላይ የሕንፃው ስምና ፎቁ ተጻፉ። መንገዶቻችንን በስማቸው የሚጠራ ስለሌለ ሰው የሚለው «ከእንትን ሕንፃ ጎን» ነው፤ እንዲህ ያለው ምልክት የሚጻፈው ማብራሪያው ውስጥ ነው። ማብራሪያው እስከ 750 ፊደል ይይዛል። ስልኩ በ+251 ተጀምሮ፣ ፊት ያለው ዜሮ ወድቆ ይጻፋል፤ ያለዚያ ከውጭ አገር የሚደውል አያገኘውም። ለወላጆቹ ምርመራ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ሆኖ ላቦራቶሪ የሚያፈላልግ ልጅ ጥቂት አይደለም።

ስሙ ላይ ቀድሞ የተቀጠረ የማስታወቂያ ባለሙያ «ርካሽና ፈጣን የደም ምርመራ አዲስ አበባ» የሚል ጨምሮበት ነበር። ይህ ፕሮፋይልን የሚያሳግድ ስህተት ነው። ስም ታፔላው ላይ ያለው ብቻ ነው። አገልግሎትን የሚናገረው ምድቡ ነው፤ ምድቡ ደግሞ «ሆስፒታል» ተብሎ ተሞልቶ ነበር። ዋናው ወደ «የሕክምና ላቦራቶሪ» ተለወጠ፣ በተጨማሪነትም «የደም ምርመራ አገልግሎት» ገባ። ከዋናው ሌላ እስከ 9 ድረስ መጨመር ይቻላል፤ ቁጥሩን ለመሙላት ሲባል የማይሰጡትን አገልግሎት መጨመር ግን ዋናውን ያደበዝዛል።

ባለቤቱ ናሙና በሚሰበስቡላቸው ሦስት ክሊኒኮችም ላይ የላቦራቶሪውን ፒን መትከል አስበው ነበር። ሐሳቡ የመጣው ከእውነተኛ ችግር ነው። ጎግል አግባብነትን፣ ርቀትንና ታዋቂነትን ስለሚመዝን አያት ሰፈር ያለ ሰው ሲፈልግ መገናኛ ያለው በቀላሉ አይመጣለትም። ነገር ግን የራስ ሠራተኛና ቋሚ ታፔላ በሌለበት ቦታ ፒን መትከል ደንቡን ይጥሳል፤ ከተደረሰበት ዋናውንም ይዞ ሊወድቅ ይችላል። የተሻለው መንገድ ክሊኒኮቹ በራሳቸው ፕሮፋይል ላይ የናሙና መቀበል አገልግሎትን እንዲጨምሩ መጠየቅ ነው።

ታዋቂነትን ከሚያሳድጉት አንዱ ሪቪው ነው። ውጤት በቴሌግራም ሲላክ የሪቪው ሊንኩን አብሮ መላክ ይቻላል፤ ቅናሽ እየሰጡ ወይም የተደሰተውን ብቻ እየመረጡ መጠየቅ ግን ክልክል ነው። መልስ ሲሰጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ውጤቴ ዘገየ» ላለ ሰው «የስኳር ምርመራዎ ያዘገየው…» ብሎ መመለስ የታካሚን ምስጢር አደባባይ ማውጣት ነው። «ይቅርታ፣ እባክዎ በዚህ ስልክ ይደውሉልን» በቂ ነው።

ጎግል ከተስተካከለ በኋላ ሌሎቹ ይከተላሉ። የማይክሮሶፍቱ መፈለጊያ ቢንግ መረጃውን ከጎግል ፕሮፋይል መገልበጥ ስለሚችል ከጎግል በኋላ መሆኑ ድካም ይቀንሳል። አይፎን የያዘው ደንበኛ ብዙ ጊዜ የሚያየው የአፕልን ካርታ ነው፤ አፕልም እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ለድርጅቶች የራሱን መመዝገቢያ ከፍቷል። ኦፕንስትሪትማፕ የተባለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ፣ የፌስቡክ ገጹና የቴሌግራም ቻናሉም የፒያሳውን መደበኛ ስልክ ይዘው ቀርተው ነበር። ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ስም፣ አድራሻና ስልክ ተጻፈ።

በዓላት እንደ ሰዓቱ ሁሉ የሚያሳስቱ ናቸው። ጎግል የእኛን ቀን አያውቅምና በፈረንጆቹ ይሞላለታል። እንቁጣጣሽ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ሲሆን፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ማግሥት ግን 12 ላይ ይውላል። ፋሲካና ኢዶቹ በየዓመቱ ስለሚዘዋወሩ አምና የተሞላውን መድገም አይቻልም። ላቦራቶሪው አሁን የዓመቱን በዓላት ከሁለቱ አቆጣጠሮች ጋር በአንድ ወረቀት ይዟል። አካውንቱም በድርጅቱ ኢሜይልና በድርጅቱ ስልክ ተከፍቶ ሁለት ባለቤቶች አሉት። የበዓል ሰዓቱን የምትሞላው የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ናት፤ በየበዓሉ ሳምንት ቀድሞ።