«እንደ ሌሎቹ አይደለም» ብዬ ያስጻፍኩ ጊዜ

ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ትንሽ የባልትና ሱቅ አለችኝ። በርበሬና ሽሮ እሸጣለሁ። በከፈትኩ በአራተኛው ወር ገበያው ቀዘቀዘብኝ። በሱቄ በር ላይ በትልቁ አስጻፍኩ፦ «ንጹህ በርበሬ! እንደ ሌሎቹ ባዕድ ነገር የለበትም።»

የመጀመሪያው ሳምንት ሰው ጎረፈ። ከዚያ ግን ጥያቄው ተለወጠ። ድሮ «ኪሎው ስንት ነው?» የሚሉኝ ደንበኞች «ያንቺስ አፈር የለበትም?» ማለት ጀመሩ። ሰዉ በርበሬን ሁሉ እንዲጠረጥር ያደረግኩት እኔው ነኝ፤ የኔንም ጭምር።

ደግሞ በመንገዳችን ባልትና የምንሸጠው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። ሌላዋ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ቡና ጠሩኝ። አቦሉን ሰጡኝና «ልጄ፣ ሌሎቹ ያልሽው እኔን ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ስም ባልጠራም ሰፈሩ ሁሉ ማንን እንደነካሁ ያውቃል። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «አብሽሪ» አሉኝ። ጽሑፉን ያኑ ማታ አስወረድኩት።

ከዚያ ነው ስለ ነገሩ ማንበብ የያዝኩት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በማስታወቂያ በሐሰት ማወዳደርን ተገቢ ያልሆነ ውድድር ይለዋል። ማወዳደር በራሱ ግን ክፉ አይደለም። ፔፕሲ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1975 የራሱንና የኮካ ኮላን መጠጥ ስም ሳይጻፍባቸው አቅርቦ ሰዉን አስቀመሰ። ምስክሩ ቀማሹ ሆነ። ብልህነቱ ሌላም አለው፤ ትንሹ ከትልቁ ጎን ሲቀርብ ሰው «እኩያው ነው እንዴ?» ማለቱ አይቀርም።

እኔ ግን የራሴን ከራሴ ጋር ላወዳድር አልኩ። አንዱ በርበሬ ከነፍሬው የተፈጨ፣ ሌላው ተቀንጥሶ ፍሬው የወጣ። ሁለቱንም አዋዜ አድርጌ በሰሃን አቀረብኩ፤ አጠገቡ ዳቦ። እንዴት እንደተዘጋጁና ዋጋቸውን ጻፍኩ፣ በቃ። ሁሉም ውዱን ይመርጣል ብዬ ነበር። ለዘወትር ወጥ ርካሹ ይበቃናል የሚሉም ሞልተዋል። እነዚህን ደንበኞች ለካ ስገፋቸው ኖሬአለሁ።

በቀደም ጎረቤቴም መጥተው ቀመሱ። «ኮረሪማው በዝቷል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቀነስኩት።