ቀይ የወጣው እርሾ

ዛሬ ጠዋት፣ በ30 ዲግሪ ሙቀት ለሦስት ቀናት ያቆየኋቸውን ሳህኖች ከማሞቂያው ሳወጣ፣ እንደ ወትሮው ነጭ ነጠብጣብ መስለው ከበቀሉት የእርሾ ክምችቶች መካከል ጥቂቶቹን ቀይ ሆነው አገኘኋቸውና ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ቀለሙ የመጣው ከዲኤንኤ አራት ፊደላት አንዱ የሆነውን አዴኒን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ኤዲኢ2 የተባለ ዘረመል ስላበላሸሁት ነው፤ ሥራው መንገድ ላይ ሲቋረጥ ያላለቀው ንጥረ ነገር በሕዋሱ ውስጥ ተጠራቅሞ ይቀላል። ለሳምንታት ቀለም የለሽ ፈሳሽ ከቱቦ ወደ ቱቦ ሲያገላብጥ ለከረመ ሰው፣ በዓይን የሚታይ የዘረመል ለውጥ ቀላል ደስታ አይደለም።

የዚህ የዳቦና የቢራ እርሾ ሙሉ የዘረመል ቅደም ተከተል ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን፣ 16 ክሮሞሶሞችና ወደ 6,000 የሚጠጉ ዘረመሎች አሉት። የሰውን ዘረመል ተቀብሎ ኢንሱሊንም ያመርታል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የወባ መድኃኒቱ የአርቴሚሲኒን ነገር ነው፤ መድኃኒቱ የሚገኝበትን ተክል ዘረመሎች የተቀበለ እርሾ የመድኃኒቱን መነሻ አሲድ በሊትር 25 ግራም ያህል እንዳመረተ እ.ኤ.አ. በ2013 ተዘግቧል፤ ይሁን እንጂ ከእርሻው ምርት ጋር በዋጋ መወዳደር አቅቶታል።

ማታ እናቴ ደውላ ምን ስሠራ እንደዋልኩ ብትጠይቀኝ፣ «እርሾ ሳበላሽ» አልኳት። «ሊጡስ ታዲያ?» አለችኝ።